ዘበኞቹን ያስቀመጠ ሰላምታ

እንስሳም ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ክረምቱ አልቆ አደይ በፈነዳ ሰሞን፣ በወንዝ ዳር ዋንዛ ላይ የተሰቀለች አንዲት ቀፎ ታመመች።

የሆነው ይኸው ነው። እናንተ «እህ» በሉ፣ እኔ ልቀጥል።

ቀፎዋ እማማ ቀፎ ትባላለች። ከቀርከሃ የተሠራች፣ በእበት የተመረገች፣ አፏ ወደ ፀሐይ መውጫ የዞረ፣ ሆደ ሰፊ ናት። ከዋንዛው ቅርንጫፍ ጋር ያሰራት አንድ አሮጌ ጠፍር ነው። ጠፍሩ ከበሬ ቆዳ የተቆረጠ ነው፤ ቢያረጅም ሥራውን ያውቃል። ሥራው አንድ ነው፤ አለመበጠስ።

አንድ ቀን ይህ ጠፍር ተናገረ።

«እትዬ ቀፎ፣» አለ፣ «ወፍረሻል።»

«አፍህን ያዝ!» አለችው። «ክረምቱን ሙሉ የረባ ነገር አልቀመስኩም። አበባ የሚባል ነገር ያየሁት ገና አሁን ነው። በምኔ ልወፍር?»

«እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው ክብደት ነው። በግራ ጎንሽ በኩል ከብደሻል። እንዲህ ከቀጠልሽ እበጠሳለሁ።»

«ብትበጠስስ?»

«ትወድቂያለሽ።»

«ብወድቅስ?»

«እታች ገብረ ጉንዳኖቹ አሉ።»

ገብረ ጉንዳን ሲባል ዝም የማይል ቀፎ የለም።

በግራ ጎኗ የሆነው ነገር እንዲህ ነው። በቀፎ ውስጥ ሰም ሠሪ ንቦች አሉ። ሥራቸው የማር እንጀራ መሥራት ነው። የማር እንጀራው ከግድግዳው ሲደርስ ግድግዳው «በቃሽ» ይላል፤ ሰም ሠሪዋም ታቆማለች። ቀፎ ቀፎ ከሆነ ጀምሮ ሥርዓቱ ይህ ነው።

ትርፌ የምትባል አንዲት ሰም ሠሪ ግን እየሠራች ሄዳ ሄዳ ከግድግዳው ደረሰች።

«በቃሽ፣» አለ ግድግዳው።

«ገና ነው፣» አለች ትርፌ።

«ትርፌ፣ በቃሽ!»

«ገና ነው አልኩህ እኮ!»

«ኧረ ትርፌ!»

«ገና!»

ግድግዳው ተወው። ግድግዳ ከዚህ በላይ የሚያደርገው ነገር የለም። ትርፌ ሠራች። ከሠራችው እንጀራ ውስጥ እሷን የመሰሉ ተፈለፈሉ፤ እነሱም «ገና ነው፣ ገና ነው» እያሉ ሠሩ። ማር ይበላሉ፣ ማር አያመጡም። ሰም ይቆልላሉ፣ ሰሙ ግን ማር አይዝም፣ የቤቱን እጭ አያሳድግም። መተላለፊያውን አጠበቡት። ሞግዚቷ አበቡ ለእጮቹ ምግብ ይዛ ስታልፍ ክንፏ በዚህም በዚያም እየታሸ «ኧረ ወገኖቼ፣ ሕፃናቱ ራባቸው፣ አሳልፉኝ!» ትላለች።

«ገና ነው፣» ይሏታል።

እማማ ቀፎ የዘበኞቿን አለቃ ባሻ ደርቤን አስጠራችው። ባሻ ደርቤ በር ላይ ያረጀ ንብ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ መንደፊያው ሁልጊዜ የተሳለ።

«ባሻ፣ ሌባ ገብቶብኛል፣» አለችው።

«ሌባ? በእኔ በር?» አለ ባሻ ደርቤ። «ተርብ መጣ፣ መለስኩት። የእሳት ራት መጣች፣ መለስኳት። የጎረቤት ንብ መንገድ ጠፍቶኝ ነው ብሎ መጣ፣ መንገዱን አሳየሁት። በእኔ በር ሌባ አልገባም፣ እማማ።»

«ታዲያ ግራ ጎኔን ምን ነካው?»

«ሄጄ አያለሁ።»

ሄደ። ቆየ። ተመለሰ።

«አየኋቸው፣» አለ። «የቤት ልጆች ናቸው። ሽታቸው የቤት ሽታ ነው። ደግሞ ጨዋነታቸው! እንዴት ያለ አስተዳደግ መሰለዎት!»

«ጨዋ ከሆኑ ለምን አበጥኩ?»

«እሱን ሐኪም ይጠይቁ። እኔ ዘበኛ ነኝ።»

እህ በሉ።

መጀመሪያ የመጣው ቢላዋ ነው።

«የት ነው?» አለ፣ ገና ሰላም እንኳን ሳይል።

«ግራ ጎኔ።»

«ቆርጬ እጥለዋለሁ።»

«ያማል?»

«እኔን አያመኝም።»

ቆረጠ። ሥራውም ጥሩ ነበር። እብጠቱ እንዳለ ወደ ታች ወደቀ፣ ገብረ ጉንዳኖቹ ተቀራመቱት፣ ጠፍሩ «እፎይ» አለ። ነገር ግን በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ፣ የቢላዋ ስለት በማይደርስበት ቦታ፣ ጥቂቶች ተሸጉጠው ነበር። ትርፌም ከእነሱ ጋር ነበረች። ቢላዋው ሲወጣ ወጡ። አደዩ ሳይረግፍ እብጠቱ እንደነበረ ሆነ።

«ተመለሰ እኮ!» ብላ ጮኸች እማማ ቀፎ።

«እኔ ያየሁትን ቆርጫለሁ፣» አለ ቢላዋ። «ያላየሁትን እንዴት ልቁረጥ?»

ይህም እውነት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጭስ ነው። እየተንከባለለ፣ እየተጎተተ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ገባ።

«እኔ የማልገባበት ስንጥቅ የለም፣» አለ።

«ጎሽ! ትርፌን ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም።»

«ታዲያ እንዴት አድርገህ ከሌላው ለይተህ ታገኛታለህ?»

«መለየት የሚባል ነገር እኔ ዘንድ የለም። ሁሉንም አስላለሁ። አብልጣ የምትበላ አብልጣ ትስላለች። ትርፌም ሆዳም ከሆነች አታመልጥም።»

ጭስ ሥራውን ጀመረ። ትርፌ ሳለች። ወገኖቿ ሳሉ፣ ተንገዳገዱ፣ ወደቁ። እብጠቱ ሟሸሸ። ሞግዚቷ አበቡም ሳለች። እጮቹም አስነጠሱ። ባሻ ደርቤና ዘበኞቹ እንባቸውን እያዘሩ በር ላይ ተዘረሩ። የእማማ ቀፎ ምርጊት ከአናቷ እየተፈረፈረ ረገፈ፤ ቀርከሃዋ ተገልጦ በራ ሆነች።

ዋንዛው ከላይ አየና «እትዬ፣ በራነት ያምርብሻል» አለ።

«ዝም በል፣ አንተ ቅጠላም!» አለችው። ቀጥላም «ጭስ፣ ይብቃህ፣ ልሞት ነው!» ብላ ጮኸች።

ጭስ ወጣ። አየሩ ሲጠራ አበቡ ተነሳች። ባሻ ደርቤ ተነሳ። ትርፌም ተነሳች።

«እትዬ፣» አለ ጠፍሩ በቀጭን ድምፅ፣ «አንዱ ጠርዜ ተልጧል። አትንቀሳቀሺ።»

«አልተንቀሳቀስኩም!»

«ስትናገሪም ትንቀሳቀሻለሽ።»

ሦስተኛዋ እስስት ናት። እሷን የጠራት የለም። በዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ እያለች፣ እየተወዛወዘች መጣች። ቅጠል ስትረግጥ አረንጓዴ፣ ቅርፊት ስትረግጥ ቡናማ ትሆናለች። ንቦቹ ከበር ሆነው ሳቁባት።

«መጣች ደግሞ ቀለሟን የማታውቀው!»

«እሜቴ እስስት፣ ዛሬ በየትኛው ቆዳዎ ነው የመጡት?»

እስስት መንገዷን ቀጠለች። እማማ ቀፎ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለቻት እማማ ቀፎ።

«ዓይኔን።»

«መድኃኒትሽስ?»

«ገና የለኝም።»

«ንብ ትበያለሽ ይላሉ።»

«አንድ ጊዜ በልቻለሁ። ምላሴ አብጦ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ምግቤ ዝንብ ነው።»

«ይሁን። እብጠቴ በግራ ጎኔ ነው፤ ዞረሽ እይልኝ።»

«እብጠትሽን ቢላዋም አይቶታል፣ ጭስም አይቶታል። እኔ የማየው ዘበኞችሽን ነው።»

«ኧረ ጉድ! የታመምኩት እኔ፣ የሚታዩት ዘበኞቼ!»

«ዘበኞችሽ የተርብ መንጋ ይመልሳሉ። አይደለም?»

«ይመልሳሉ።»

«ታዲያ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ትርፌን ለምን አልነኳትም? እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው።»

እስስት በእማማ ቀፎ ጎን ባለ አንድ ቀዳዳ አጠገብ ተለጠፈች። የእስስት ዓይኖች አንዱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራሉ። አንዱን ትርፌ ላይ ተከለች፤ አንዱን ባሻ ደርቤ ላይ። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰችም።

ባሻ ደርቤ ዘበኞቹን አሰልፎ ወደ ግራው ጎን ሄደ።

«ዛሬስ አንለቃቸውም!» ይላል።

«አንለቃቸውም!» ይላሉ ዘበኞቹ።

መንደፊያቸው ተመዟል፣ ክንፋቸው ይጮኻል። ትርፌ ተቀምጣ ማር ትበላ ነበር። የክንፍ ድምፅ ስትሰማ አፏን ጠራርጋ ብድግ አለች።

«ኖር!» አለች።

ወገኖቿም ሁሉ ብድግ አሉ። «ኖር! ኖር!»

ባሻ ደርቤ ደነገጠ። «በእግዜር! በእግዜር! ኧረ አይነሱ!»

«ባሻን የሚያህል ሰው መጥቶ እንዴት ሳልነሳ!»

«በሞቴ ይቀመጡ!»

«እርስዎ ቆመው? አላደርገውም። ቅድሚያ እርስዎ።»

«ኧረ እርስዎ!»

«ኧረ እርስዎ፣ ልጆቼን ይቅበሩ!»

ባሻ ደርቤ ተቀመጠ። ሲቀመጥ መንደፊያው ከሥሩ ታጠፈ። ዘበኞቹም አንድ ባንድ ተቀመጡ፤ የእነሱም መንደፊያ ታጠፈ። ትርፌ ቦታዋን ያዘች።

«ዘንድሮ አደዩ እንዴት ነው?» አለች።

«ደህና ነው፣ ይመስገነው።»

«በሩስ ላይ ነፋሱ አልበረታባችሁም?»

«ይበርታብን እንጂ ምን እናደርገዋለን!»

«እንዲህ እየመጣችሁ ጠይቁን እንጂ፣ ምነው ጠፋችሁ?»

ተጫወቱ። ሲበቃቸው ተመራርቀው ተለያዩ። በር ላይ ሲደርሱ አንዱ ዘበኛ «ባሻ፣» አለ፣ «ለምን ነበር የሄድነው?»

ባሻ ደርቤ አሰበ።

«ለጥየቃ፣» አለ።

እህ በሉ።

እስስት ያየችውን ለእማማ ቀፎ ነገረቻት። ባሻ ደርቤ ተቆጣ።

«እና ምን ላድርግ? ኖር ብላ ተነስታልኝ ልንደፋት? እኔ አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ?»

«ማር ሰርቃ እኮ ነው የምትበላው፣ ባሻ፣» አለች እማማ ቀፎ።

«ሌባ ኖር ይላል እንዴ፣ እማማ? ሌባ ሲያዩት ይሮጣል። ስንት ዘመን በር ላይ ቆሜ ኖር ያለኝ ሌባ አላየሁም።»

«ሰላምታው ይሁን ሌላ ነገር ይሁን ገና አላወቅሁም፣» አለች እስስት። «አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም። እንደገና አያለሁ።»

«አይተሽ አይተሽ ልወድቅልሽ ነው!» አለች እማማ ቀፎ።

እስስት ተመልሳ ተለጠፈች። ዘበኞቹ ሄዱ፣ «ኖር» ተባሉ፣ ተቀመጡ፣ ተመለሱ። እንደገና ሄዱ፣ «ኖር» ተባሉ፣ ተቀመጡ፣ ተመለሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ ግን ከሰማዩ ጥግ የቀረ የክረምት ደመና መጣ። ትርፌ ብድግ ብላ አፏን ስትከፍት ነጎድጓዱ ወረደ።

ከፊት የነበሩት፣ ባሻ ደርቤም ጭምር፣ ለአፏ ቅርብ ስለነበሩ ሰምተው ተቀመጡ። ከኋላ የነበሩት ግን ነጎድጓዱን እንጂ ሰላምታውን አልሰሙም። መንደፊያቸው እንደተመዘዘ ነበር። በእያንዳንዳቸው ፊት የቆመችው ያለቦታዋ ሰም የቆለለች፣ መንገድ የዘጋች የትርፌ ወገን ናት። ነደፏት። ከትርፌ ወገን ብዙዎች ወደቁ።

ባሻ ደርቤ ከተቀመጠበት ዞሮ «እናንተ ባለጌዎች! ቤት ገብታችሁ ባለቤቱን?» ብሎ ጮኸባቸው። ነጎድጓዱም ስላለፈ ጩኸቱን ሰምተው አፍረው ተቀመጡ።

ለእስስት ግን ያየችው በቂ ነበር። የሰሙት ተቀመጡ፤ ያልሰሙት ነደፉ። ዘበኞቹ ሰነፎች አይደሉም፣ ፈሪዎችም አይደሉም። የያዛቸው ሰላምታው ነው።

«የዘበኞቹ ጆሮ በሰም ይደፈን፣» አለች።

«የእኔ ጆሮ?» አለ ባሻ ደርቤ። «እኔ ጆሮዬን ደፍኜ በሰው ቤት ልዞር? ነገ ምን ይሉኛል? ደርቤ ኖር ሲሉት የማይመልስ ሆነ፣ ማዕረግ አሰከረው አይሉም?»

«ባሻ፣» አለች እማማ ቀፎ። ከዚህ ቀደም እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናግራ አታውቅም። «ልወድቅ ነው።»

ባሻ ደርቤ ለሰሙ ጆሮውን ሰጠ። ዘበኞቹም ሰጡ።

ሄዱ። ትርፌ ብድግ አለች።

«ኖር!»

መልስ የለም።

«ኖር እኮ አልኩ! ባሻ! ምነው? ተቀይመውኛል እንዴ?»

መልስ የለም።

«አልተሰማም መሰለኝ። እናንተ፣ ጮክ በሉ!»

«ኖር! ኖር! ኖር!» አሉ ወገኖቿ ባንድ ድምፅ።

ባሻ ደርቤ የሚያየው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው። አፏ ላይ ማር አለ። ከኋላዋ የተቆለለው ሰም መተላለፊያውን ሞልቷል። እነዚህን ከዚህ ቀደም አላያቸውም ነበር፤ ሲጨዋወት ነበርና። ነደፈ። ዘበኞቹም ነደፉ። እብጠቱ እየተናደ ወረደ። ትርፌ ከቀሩት ጋር ሸሽታ ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ገባችና መግቢያውን በወፍራም ሰም ዘጋች።

ጠፍሩ «እፎይ» አለ። እማማ ቀፎም «እፎይ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ያወጣችው ሌላ ድምፅ ነው።

«ኡኡ! አቃጠለኝ! ሆዴን አሳከከኝ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዘበኞቹ ጆሯቸውን እንደደፈኑ ሲመለሱ ሞግዚቷ አበቡን በመተላለፊያው አገኟት። አበቡ ዘበኛ ባየች ቁጥር እንደምታደርገው ተነስታ «ኖር» አለች። መልስ አልሰጡም። ክንፏ ሥር ነደፏት። ውሃ ቀጂዎቹን ነደፉ። የንግሥቲቱን ምግብ አቅራቢ አሳደው ነደፉ። ቀፎዋ ውስጧ ጋለ።

እስስት አንድ ዓይኗን አበቡ ላይ አዞረች፤ ቀለሟም ገረጣ። ሰላምታው ለጌጥ የተፈጠረ አልነበረም። ዘበኛ ቁጡ ነው፤ መንደፊያውም የተመዘዘ ነው። የቤቱ ልጅ «ኖር» ሲል ዘበኛው ይቀመጣል፣ የቤቱም ልጅ ይድናል። ትርፌ የፈጠረችው ነገር የለም። የቤቱን ልጆች መከለያ ነው የተዋሰችው።

«ሰሙን አውጡ!» አለች እስስት።

«ምን?» አለ ባሻ ደርቤ።

«ሰሙን ከጆሮአችሁ አውጡ!»

«አልሰማሽም፣ ጆሮዬ ተደፍኗል!»

እስስት ረጅም ምላሷን ወርውራ ሰሙን ከጆሮው መንጭቃ አወጣች። የሌሎቹንም እንዲሁ።

ባሻ ደርቤ አበቡን አያት። አበቡ ክንፏን ይዛ ከግድግዳ ተደግፋለች። ባሻ ደርቤ የሚገባበት አጣ።

«ልጄ፣ ኖር ብለሽኝ ነበር?»

«ብዬ ነበር፣ ባሻ።»

ቁጣውን ወደ እስስት አዞረ። «አንቺ! ቅድም ድፈኑ አልሽ፣ አሁን አውጡ አልሽ! እውነትም ሐሳብሽ እንደ ቆዳሽ ነው!»

«ቅድም ያየሁት ትርፌን ነው፣» አለች እስስት። «አሁን አበቡን አየሁ። አበቡን አይቼ ሐሳቤን ካልቀየርኩ ዓይን ለምኔ ነው?»

 

ከዚያ በኋላ የተደረገው ይህ ነው። ሰሙ ዘበኞቹ ወደ ትርፌ ሲሄዱ ይደፈናል፣ ሲመለሱ ይወጣል። ይህን ሥራ ማን ይያዝ ሲባል አበቡ «እኔ» አለች። የተነደፈችው እሷ ናትና ከእሷ የበለጠ የሚጠነቀቅ አልተገኘም። መተላለፊያው አፍ ላይ ቆማ ሲሄዱ ትደፍናለች፣ ሲመለሱ «ና ወዲህ፣ ጆሮህን» እያለች ታወጣለች። ሰሙን ያላወጣ ዘበኛ አያልፍም፤ ባሻም ቢሆን።

ዘበኞቹ ግን ወደ ስንጥቁ ሄደው ምንም ሳያደርጉ ተመለሱ።

«ደግሞ ኖር አሏችሁ?» አለች እማማ ቀፎ።

«ማንን አግኝተን! ግድግዳ ነው ያገኘነው፣» አለ ባሻ ደርቤ።

እስስት ሄዳ አየች። እውነት ነው። ትርፌ የሠራችው ሰም ዘበኛ አያሳልፍም። ጆሮው የተደፈነም ያልተደፈነም ዘበኛ ከውጭ ሆኖ የሚነድፈው የለም። ስለዚህ ቢላዋን አስጠራችው።

«አልኩ እኮ!» አለ ቢላዋ። «ዞሮ ዞሮ እኔ ነኝ! ከየት ጀምሬ ልቁረጥ?»

«ትንሽ ቀዳዳ ብቻ። ዘበኛ የምታሳልፍ።»

«ትንሽ ነገር አልወድም።»

«ትልቅ ከቆረጥክ ግድግዳው ይናዳል፣ አንተም ልጆቼን ለገብረ ጉንዳን ታበላለህ፣» አለች እማማ ቀፎ። «የታዘዝከውን አድርግ!»

ቢላዋ እያጉረመረመ ትንሽ ቀደደ። ዘበኞቹ በቀዳዳው ገቡ። ውስጡ ጠባብ ነው፣ ማር ማር ይሸታል። ትርፌ ግድግዳው ሥር ቆማ ሰም እየቆለለች ነበር። ባሻ ደርቤን ስታይ «ኖር» አለች። ዝም ሲላት አዲስ እንጀራዋን እያሳየች «ገና ነው፣ ገና አልጨረስኩም» አለች።

ባሻ ደርቤ አልሰማትም።

ጠፍሩ ቀለለው። መተላለፊያው ተከፈተ። አበቡ ምግቧን ይዛ ስታልፍ ክንፏ ሳይታሽ መድረስ ጀመረች፤ የተነደፈችበት ቦታ ግን እስከ መጨረሻው ትንሽ ያማት ነበር። ምርጊቷ በረገፈበት የእማማ ቀፎ አናት ላይ ንቦቹ ሙጫ ለቀለቁላት። ዋንዛው አሁንም አስተያየት ሰጠ፤ እሷም አሁንም ሰደበችው።

ይህ ነገር በሁሉም ቀፎ ይሠራል ብላችሁ እንዳትሄዱ። ከወንዙ ማዶ በብሳና ላይ የተሰቀለች ሌላ ቀፎ ነበረች፤ እሷም እንዲሁ ታማ እስስት ተጠራች። የዘበኞቹን ጆሮ አስደፈነች፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። እዚያ የያዛቸው ሌላ ነገር ነው። እስስት «የእማማ ቀፎ መድኃኒት እምቢ አለ» ብላ አልተመለሰችም። ከቀዳዳው አጠገብ ተለጥፋ፣ አንድ ዓይኗን እዚህ፣ አንድ ዓይኗን እዚያ ተክላ ማየቷን ቀጠለች።

ከዚህ ተረት የምትወስዱት ይህን ነው። የታመመ ቤት ስታዩ በሽታውን ብቻ አትዩ፤ የቤቱ ጠባቂዎች ምን እንደያዛቸውም እዩ። ለዚህም ደግሞ ጊዜ ስጡ።

ተረቱ እዚህ ያልቅ ነበር። ነገር ግን በዓመቱ፣ እንደገና አደይ ሲፈነዳ፣ ቢላዋ የእማማ ቀፎን የጀርባ ግድግዳ ከአሮጌ ሰም እንዲያጸዳ ተጠራ። ከሰሙ ሥር ደቃቅ እብጠቶችን አገኘ። ብዙ ነበሩ። ከስንዴ ቅንጣት የሚበልጥ የለም፤ ሁሉም ግድግዳው «በቃሽ» ካለ በኋላ የተሠሩ፣ ሁሉም ደርቀው የጠቆሩ። ከእነሱ ውስጥ ባሻ ደርቤ ሳይወለድ የተሠሩ ነበሩ።

እማማ ቀፎ ግራ ተጋባች። «እነዚህ መቼ ነው ያመሙኝ?»

እስስት ዓይኖቿን ሁለቱንም ባንድ ቦታ ላይ ተከለች።

«አላመሙሽም፣» አለች።

በእያንዳንዱ እብጠት ላይ የተሰበረ የዘበኛ መንደፊያ ተሰክቶ ነበር።